ረሃብ መድኃኒት ተብሎ ሲሸጥ

«16 ሰዓት ጹም፣ ቦርጭ ይጠፋል፣ ስኳርም ይድናል» የሚለው የስልክ ስብከት ነቀምቴም፣ ጊምቢም፣ ደምቢ ዶሎም ገብቷል። ሰባኪዎቹ ኖቤልን ይጠቅሳሉ። ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ እ.ኤ.አ. በ2016 የተሸለመው ግን ሴል የራሱን አሮጌ ክፍል እንዴት እንደሚበላ በእርሾ ላይ አጥንቶ ነው። የማንንም ቦርጭ አላቀለጠም።

ጾም ክብደት ይቀንሳል፤ ይህን የሚክድ የለም። የሚቀንሰው ግን የሚበላው ስላነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የቻይና ጥናት 139 ከመጠን በላይ የወፈሩ ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታተለ። ሁሉም ምግብ ቀነሱ፤ ገሚሶቹ በተጨማሪ ከጠዋቱ 2 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ብቻ በሉ። በመካከላቸው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ጩምቦውን መቀነስ የቻለ ሰው ሰዓት ምን ያስቆጥረዋል?

ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ጉዳይ ግን ቀልድ አይደለም። መድኃኒቱን ወስዶ ምግቡን ከዘለለ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። መንገዱ ክፍት መሆኑ በማያስተማምንበት ወለጋ፣ በሌሊት ማን ሆስፒታል ያደርሰዋል? ቪዲዮ የለቀቀው ሰውዬ?

«አባቶቻችንም ጾመዋል» ማለት ደግሞ ድፍረት ነው። የቤተ ክርስቲያኑም የረመዳኑም ጾም ለታመመ ሰው ይራራል፤ ድሃንም ያስባል። የስልኩ ጾም ሁለቱንም አያውቅም።

በ2011 ዓ.ም. መግቢያ ከካማሺ ተፈናቅለው ወደ ወለጋ ከተሞች የገቡት ሰዎችም ምግብ ይዘሉ ነበር። ያኔ ጤና ነው ያላቸው አልነበረም።