ሳምቡሳ ፈርድ አይደለም

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ማዕድ ቤት ነው። ኢማም ከማዕድ ቤት ምን አገባው የሚል ካለ አልቀየመውም፤ እኔም ለብዙ ዓመታት እንደዚያው ነበር የማስበው።

ኮምቦልቻን የሚያውቅ ሰው ከመግሪብ በፊት ያለችውን ሰዓት ያውቃታል። ፀሐይ ከተማዋን ከከበቧት ተራሮች ጀርባ መውረድ ስትጀምር ባጃጁ ሁሉ ጾመኛ ጭኖ ወደየሰፈሩ ይሮጣል። በየመስጊዱ ደጃፍ ቴምር በላስቲክ ይቋጠራል፣ ሙሸበክ ይጠበሳል። እኛ ወንዶቹ ከአስር ሶላት በኋላ መስጊድ ቁጭ ብለን ቁርኣን እንቀራለን፣ ደርስ እናዳምጣለን፤ እውነቱን ለመናገር አንዳንዶቻችን ምንጣፉ ላይ ጋደም እንላለን። ሴቶቹስ? ሴቶቹ እሳት ፊት ናቸው። እነሱም እንደኛው ከሌሊት ጀምሮ እህል ውሃ ያልቀመሱ መሆናቸውን በዚያች ሰዓት የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው።

እኔም ከማያስታውሱት አንዱ ነበርኩ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ የረመዳን የመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች ሊገቡ ሲሉ፣ ከአስር በኋላ ደርስ ሰጠሁ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እነዚያ ሌሊቶች ሲገቡ ራሳቸው ሌሊቱን በዒባዳ ሕያው አድርገው ቤተሰባቸውንም ይቀሰቅሱ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የተናገረችውን አንስቼ፣ ጀመዓውን በደንብ ገሠጽኩት። ድምፅ ማጉያው ሰፈሩን አዳርሶታል። ከመግሪብ በኋላ ስምንት እንግዳ አስከትዬ ቤት ገባሁ። ሾርባው፣ ቴምሩ፣ በትልቅ ትሪ የተቆለለው የሥጋ ሳምቡሳ ሁሉም በቦታው ነበር። እንግዶቹ በልተው፣ መርቀው፣ ተያይዘን ለኢሻና ለተራዊህ ወጣን። ስመለስ የልጆቼ እናት የዘይቱን መጥበሻ እያጠበች ነበር።

«ሼሁ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለችኝ። «ደርስዎን ሊጥ እየዳመጥኩ ሰማሁት። ነቢያችን ቤተሰባቸውን ይቀሰቅሱ የነበረው ለሶላት ነው ወይስ ለሊጥ?»

ሠላሳ ዓመት ኪታብ ስቀራና ሳቀራ ኖሬ ለዚህ ጥያቄ መልስ አጣሁ። በማግስቱ አንድ ሂሳብ ሠራሁ። የእኛ ቤት ማዕድ በአማካይ ስልሳ ሳምቡሳ ይወጣዋል። ሊጡን ለመዳመጥ፣ ለመቁረጥ፣ ለመጠቅለል፣ በዱቄት ውሃ ለማጣበቅና ለመጥበስ ለአንዱ አንድ ደቂቃ ተኩል ቢፈጅ፣ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል። በሠላሳ ቀን አርባ አምስት ሰዓት ማለት ነው። ቁርኣንን ረጋ ብሎ ለማኽተም የሚበቃ ጊዜ ነው፤ ይተርፋልም። እኛ በየዓመቱ ስንት ጊዜ አኸተምኩ እየተባባልን ስንጠያየቅ፣ የሷ ኹትማ ዘይት ውስጥ ሲጠበስ ከርሟል።

ሳምቡሳ እወዳለሁ፤ ይህን ልደብቃችሁ አልችልም፣ ጎረቤት ይመሰክራል። ነገር ግን የወደድነውን ነገር ሁሉ ግዴታ አድርገነዋል። ሳምቡሳ የሌለበት ኢፍጣር ያልተሟላ ይመስለናል። እንግዳ ይታዘበናል ብለን እንሰጋለን። ፈርዱን ከሱናው፣ ሱናውን ከልማዱ ለይተን ማስተማር ሥራችን የሆነ እኛ እንኳ ከማዕዱ ላይ ስንደርስ ልማዱን ፈርድ አደረግነው። ሱናው ፍሬ ቴምር ነው፤ እሱ ከጠፋ ውሃ።

መፍትሔው የመጣልኝ ካላሰብኩት ቦታ ነው። የእህቴ ልጅ አሜሪካ አዮዋ በሚባለው ግዛት ይኖራል። ከባሕር የራቀ፣ በቆሎና ከብት የበዛበት አገር ነው። ባለፈው ሻዕባን ሊጠይቀን መጣና አንድ ቀን «አጎቴ፣ ዛሬ እራቱን ለእኔ ተዉልኝ» አለን። ጾም ገና ስላልገባ እንደ ቀልድ ፈቀድንለት። ያቀረበልን ነገር የተፈጨ ሥጋ በክብ ዳቦ ነው። ሐምበርገር መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ሥጋው ተጠፍጥፎ አይጠበስም አለኝ። ከሽንኩርት ጋር በውሃ ቀስ ብሎ ይበስላል፣ እንደተበተነም ዳቦው ውስጥ ይገባል። ከዳቦው የሚረግፈውን ለመልቀም ማንኪያ አብሮ ይቀርባል።

በዚያ አገር ይህ የቆየ ምግብ ነው። መስካቲን በምትባል የአዮዋ ከተማ ፍሬድ ኤንጀል የተባለ ሥጋ ሻጭ በ1926 እ.ኤ.አ. ሜድ ራይት የሚል ስም ሰጥቶ መሸጥ ጀመረ፤ ዛሬም በዚያ ስም የሚሠሩ ቤቶች አሉ። የእህቴ ልጅ ግን ከነሱ ገዝቶ አይበላም፤ አስተራረዱን ስለማያውቀው። ከሐላል ሱቅ ሥጋ ገዝቶ እቤቱ ነው የሚሠራው። ይህን ሲነግረኝ በሆዴ አልሐምዱ ሊላህ አልኩ። ያ አገር ከእስልምና የራቀ እንዳይመስላችሁ፤ እዚያው አዮዋ ሲዳር ራፒድስ በምትባል ከተማ ከሶሪያና ከሊባኖስ ምድር የሄዱ ስደተኞች በ1934 እ.ኤ.አ. የሠሩት መስጊድ አለ። አሜሪካ ውስጥ ለመስጊድነት ተብለው ተሠርተው እስከ ዛሬ ከቆሙት የቀደመው እሱ ስለሆነ «እናት መስጊድ» ይሉታል።

የመጀመሪያውን ጉርሻ ስጎርስ ያልኩት ትዝ ይለኛል፤ «ይሄማ ያልተጠቀለለ ሳምቡሳ ነው!» የልጆቼ እናት ቀና ብላ አየችኝ። ሁለታችንም የገባን በአንድ ጊዜ ነው። ድካሙ ያለው መጠቅለሉና መጥበሱ ላይ ነው። ሥጋው ራሱን ችሎ የሚበስል ነገር ነው።

«የፈረንጅ ምግብ በረመዳን?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ሥጋና ዳቦን ማገናኘት ፈረንጅ የፈጠረው አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይወዱት የነበረው ሠሪድ ዳቦ ተቆራርሶ በሥጋ መረቅ የሚርስበት ምግብ ነው፤ የዓኢሻን ብልጫ ሲገልጹም ሠሪድ ከሌሎች ምግቦች ባለው ብልጫ መስለውታል። የወሎ ፍትፍትም ከዚያው ዘመድ ነው።

አሠራሩን ልንገራችሁ፤ አሁን እኔም አውቀዋለሁ። ለአሥራ ሁለት ሰው አንድ ኪሎ ቀይ ሥጋ ይበቃል። የሥጋ ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን፤ ግማሽ ኪሎ ሥጋ ላይ የተቀቀለ ምስር ቢጨመርበት ማንም አይከፋም። ሥጋውን ተፈጭቶ የተቀመጠውን አትግዙ። ሙዳውን ገዝታችሁ ዓይናችሁ እያየ ይፈጭላችሁ፣ ወይም እቤት በቢላ ይከተፍ። ይህን የምለው በሙስሊም ወንድሞቻችን እርድ ላይ ጥርጣሬ ለመዝራት አይደለም። አስተራረዱን ያላዩት ሥጋ ለመጣላቸው ሰዎች ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የአላህን ስም ጠርተው እንዲበሉ ነው የነገሯቸው፤ ከዚያ ያለፈ ምርመራ አላዘዙም። ነገሩ የንጽሕና ነው። ሙዳ ሥጋ ላይ ያለ ቆሻሻ ከላይ ነው፤ ሲፈጭ ግን ላዩ ውስጡ ይገባል። ስለዚህ ቅላቱ ፈጽሞ እስኪጠፋ ይብሰል። ክትፎ የለመዳችሁ ለዚህ ምግብ ታገሡ።

ሥጋው እሳት ሳይነካው ድስት ውስጥ ይገባና ሁለት ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ይፈስበታል። በእንጨት ማንኪያ እየተሸ ውሃው ውስጥ ይበተናል። ይህችን አትዝለሏት፤ ድስቱ ከጋለ በኋላ ከሆነ ሥጋው ይጓጉላል። ከዚያ የደቀቀ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬና ጨው ይጨመራል። ክዳኑ ተነሥቶ ውሃው እስኪመጥ ግማሽ ሰዓት ያህል በመካከለኛ እሳት ይበስላል። ዘይት አይፈልግም፤ የዘይትን ዋጋ ለሚያውቅ ቤት ይህ ራሱ ረሕመት ነው። መግሪብ ሲቃረብ የተከተፈ ቃሪያ ጣል ማድረግና ዳቦ መሰንጠቅ ብቻ ይቀራል። «ጾመኛ ሆኜ ጨው ልቅመስ ወይ?» ብለው የሚጠይቁኝ እናቶች ብዙ ናቸው። ለሚያበስል ሰው በምላስ ጫፍ ቀምሶ ሳይውጡ መትፋት ችግር እንደሌለው ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ተላልፏል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህን ምግብ የልጆቻችሁ እናት እንድትሠራው አይደለም የምነግራችሁ። እንደዚያ ከሆነ አንዱን ድካም በሌላ ለወጥን እንጂ ምን አደረግን? የሚሠሩት ወንዶች ልጆች ይሁኑ፤ አባትም ይሁን። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢያችን እቤት ሲሆኑ ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቃ፣ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ ነበር፣ የሶላት ሰዓት ሲደርስ ይወጡ ነበር ብላ መልሳለች። ይህን ሐዲስ ስንቴ አስተምሬዋለሁ! ሳስተምረው ግን ራሴ አንድ ብርጭቆ አጥቤ አላውቅም ነበር። አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ልጄን ድስት ሲያማስል አይተው «ሼኪው፣ ልጁን ሴት አደረግኸው» አሉኝ። ከአላህ መልእክተኛ የበለጠ ወንድነት የት አለ ብዬ መለስኩላቸው። ዝም አሉ። ግን አልተዋጠላቸውም፤ ፊታቸው ላይ አይቻለሁ።

መንገድ ዳር ሳምቡሳ ጠብሰው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶችም ይህን አንብበው እንዳይቀየሙኝ። ከነሱ መግዛት ሰደቃም ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ፤ እኔም እገዛለሁ፣ አብዛኛውም የምስር ስለሆነ ርካሽ ነው። እቤት የሚሠራውም ቢሆን ጁሙዓ ጁሙዓ ሁሉም ቁጭ ብሎ ቢጠቀልል ደስታ ነው። የምቃወመው ስልሳውን በየቀኑ ለአንድ ጾመኛ ሴት መተዉን ነው።

ባለፈው ሐሙስ ተራው የአሥራ ሰባት ዓመቱ ልጄ ነበር። ጨው ለመቅመስ ፈርቶ አልጫ አደረገው። እናቱ ግን ያን ቀን ከአስር እስከ መግሪብ ከቁርኣኗ ጋር ነበረች፤ ማታም ከጎረቤት ሴቶች ጋር ተራዊህ ወጣች። አልጫነቱን ያዳነልን ሰናፍጭ ነው። አዮዋዎቹም ሰናፍጭ ያደርጉበታል አሉ። የእኛው የመጣው ከአጥራችን ማዶ ካለችው ክርስቲያን ጎረቤታችን ነው። የእነሱ ዐቢይ ጾም ከረመዳን ጋር ስለገጠመ፣ እሷ ለጾሟ ያዘጋጀችውን በሳህን ሞልታ ላከችልን።

በወሎ ደግሞ የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም። ሥጋ እንዳንልክ ጾም ላይ ነች፤ ደግሞም እኛ ያረድነውን እሷ አትበላም፣ እሷ ያረደችውን እኛ አንበላም፤ ይህን ተከባብረን የኖርነው ነው። «የምስር ሳምቡሳ እንላክላት» አለ ልጄ።

«ጥሩ» አለች እናቱ። «ማን ይጠቀልለዋል?» እያየች ያለችው እኔን ነበር።

እጄን ታጥቤ ተቀመጥኩ። አሥሩን ለመጠቅለል ሦስት ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። ሦስቱ ዘይት ውስጥ ተፈቱ፤ አንዱ በምን ተአምር እንደሆነ አላውቅም አራት ማዕዘን ሆኖ ወጣ። የተረፉትን ስድስት ሳህኑ ላይ ደርድረን ልጁ ይዞላት ሄደ።