ያዩ ጫካ ለመግባት «ደብዳቤ ይዘዋል?»

ቡሬ ስል ጎጃም እንዳይመስላችሁ። አፋርም ሌላ ቡሬ አለ። የእኔው የኢሉባቦሩ ነው፤ ከመቱ ተነስቶ በጎሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚወርደው መንገድ ደጋውን ጨርሶ ቁልቁለቱን የሚጀምርበት። ልጆች ሳለን ጫካ የሚጎበኝ ነገር መሆኑን የነገረን የለም። እንጨት ይለቀምበታል፣ ቡና ይለቀምበታል፣ ቀፎ ይሰቀልበታል፤ አለቀ። ጉብኝት ማለት በመጽሐፍ ላይ ያየነው ላሊበላና የፋሲል ግንብ ነበር።

ለዚህ ነው ቤተሰብ ጠይቄ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ፣ ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ያዩ ላይ የወረድኩት በዚህ ዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነው። የያዩ የቡና ደን እ.ኤ.አ. በ2010 ከካፋ ጋር በዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭነት ተመዝግቧል፤ በአገራችን የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ስፋቱ ከ160 ሺህ ሄክታር በላይ ነው። እምብርቱ አይነካም፤ በዙሪያው ገበሬው ቡና የሚለቅምበትና ማር የሚቆርጥበት ቀጠና አለ፤ ከዚያ ወዲያ እርሻና ከተማ።

አንድ ቢሮ ገብቼ ጫካውን ማየት እፈልጋለሁ አልኩ።

«ደብዳቤ ይዘዋል?»

«ከየት?»

«ከላከዎት መሥሪያ ቤት።»

«የላከኝ የለም፤ በእግሬ ልዞር ነው።»

ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ግራ ገባው እንጂ። እሱ ጋ ጫካ ብሎ የሚመጣ ወይ ተመራማሪ ነው ወይ ኢንቨስተር። ዝም ብሎ ሊያይ የመጣ ኢትዮጵያዊ የሚመዘገብበት መዝገብ የለም።

ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሳጉረመርም የሰማኝ ወጣት ነው «ጋሼ፣ እኔ ላሳይዎት» ያለኝ። ከአባቱ ጋር ቡና የሚለቅምበት መንገድ ነበር። ምልክት የለው፣ ካርታ የለው፤ ግን መንገድ ነው፤ እግር የቀጠቀጠው። ቀረሮውና ዋንዛው ከላይ ተጋጥሞ ፀሐይ አያስገባም፤ ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። እኔ ወደ ላይ ሳይ እሱ ወደ ታች ያሳየኛል። «ይኼን ያዩታል? ቡናው እንዲሰጥ በየዓመቱ ሥሩን እንመነጥራለን። የትልልቁ ዛፍ ችግኝ አብሮ ይሄዳል።» ትልቁ ዛፍ አርጅቶ ሲወድቅ የሚተካው የለም ማለቱ ነው። ከላይ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ደን ከሥሩ ወራሽ እያጣ ነው። ይህን ያወቅኩት ከየትኛውም ሪፖርት ሳይሆን በእግሬ ስለሄድኩ ነው።

የዚህ አካባቢ ጫካ ምን እንደሚያወጣ ለሚጠራጠር አንድ ነገር ልጨምር። ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 አገራችን ሲገባ የጅማ ተመራማሪዎች መድኃኒቱን የፈለጉት እዚሁ ደቡብ ምዕራብ ደኖች ውስጥ ነው። ዛሬ የዓለም ቡና ጠጪ በቁጥሩ የሚጠራው 74110 እናት ዛፉ የተመረጠው በ1974 በመቱ አካባቢ፣ ቢሻሪ ነው። 74112ም የዚያው ሰፈር ልጅ ነው። እኛ መቱን በዚህ አናውቃትም፤ «ቢሻሪ የት ነው?» ብሎ የሚሄድ አገር ጎብኚ ገጥሞኝ አያውቅም።

ስንመለስ ሒሳብ አልኩት። «የፈለጉትን» አለኝ፤ አፈረ። እኔም አፈርኩ። ስንት እንደሚሰጥ አላውቅማ!

ደባርቅ ሄጄ አውቃለሁ። እዚያ ይህ ሐፍረት የለም። ወደ ሰሜን ተራሮች የሚገባ ሰው የመግቢያ ይከፍላል፣ ስካውት ይመደብለታል፣ አስጎብኚና በቅሎ ይከራያል፤ ከሳንቃበር ግጭ፣ ከግጭ ጨነቅ የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ነው። ሰሜን እንከን የለውም እያልኩ አይደለም። ከ1996 እስከ 2017 በዩኔስኮ የአደጋ መዝገብ ላይ ቆይቷል፤ የግጭ ነዋሪዎችም ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ሰፍረዋል። ጦርነትና ግጭት ሲመጣ ደግሞ እንግዳው ይጠፋና ባለ በቅሎው ባዶ እጁን ይቀራል። ግን ጥሩ በነበረው ጊዜ ለደባርቅ ልጅ ተራራው የማይነካ ነገር ብቻ አልነበረም፤ እንጀራም ነበር። ለያዩ ልጅ ጥብቅ ደን ማለት እስካሁን የክልከላ ዝርዝር ነው። በክልከላ ብቻ ደግሞ ገጀራን ማስቆም አይቻልም፤ ቡናው ገንዘብ ነው፣ ችግኙ ምንም ነው።

ሎጅ ይሠራ አላልኩም። ሎጅ ሲመጣ መጀመሪያ አጥር ይመጣል። የምለው ትንሽ ነገር ነው፦ እምብርቱን ሳይነኩ፣ ቡና ለቃሚው በሚሄድበት ቀጠና ውስጥ አንድ የግማሽ ቀን መንገድ ይመልከት፤ የአካባቢው ወጣቶች ተደራጅተው በተራ ይምሩ፤ ዋጋው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ከገቢው ችግኝ ለሚተው ባለ ማሳ ይድረሰው። የመቱ ተማሪዎች በዓመት አንዴ ይግቡ፣ በነፃ። መንገዱ ሰላም የሚሆንበትን ቀን መጠበቅ ግድ ከሆነ ይጠበቅ፤ ሰሌዳ መጻፍና ልጆቹን ማሠልጠን ግን ያንን ቀን አይጠብቅም።

በቀደም አንድ ወዳጄ ያዩን ማየት እፈልጋለሁ ቢለኝ ያለኝ ብቸኛ አድራሻ የዚያ ልጅ ስልክ ነበርና ሰጠሁት። ደወለለት። ልጁ ያነሳው ጋምቤላ ሆኖ ነው፤ ግንባታ ላይ የቀን ሥራ ይዟል።