ማየት ሌላ፥ ስም ማውጣት ሌላ

ከጎንደር በላይ በቁስቋም ተራራ የእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ፍርስራሽ ዛሬም ቆሟል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዚሁ ግቢ በፈንጣጣ የታመሙትን የቤተ መንግሥት ልጆች አክሟል። ወደ አገሩ ተመልሶ ያየውን ቢያወራ ግን፥ ይልቁንም ስለ ጥሬ ሥጋችን የተናገረውን፥ የሎንዶን ሰዎች ተረት ነው ብለው ሳቁበት።

ይህን ማንሣቴ አዲስ ነገር አገኘን የሚሉ ሰዎች ማስረጃ ሲጠየቁ «በታላላቆቹም ተስቆባቸው ነበር» ማለት ስለሚወዱ ነው። ከነዚህ መካከል በብረት ውስጥ የአቶምን ኃይል ያለ እሳት እናወጣለን የሚሉት ይገኛሉ።

ማርቲን ፍላይሽማንና ስታንሊ ፖንስ የተባሉ የኬሚስትሪ ሊቃውንት በመጋቢት 1989 በአሜሪካ በዩታ ጋዜጠኞችን ሰበሰቡ። ፓላዲየም የሚባለውን ብረት ከባድ ውኃ ውስጥ ነክረን ኤሌክትሪክ ብናሳልፍበት ከገባው የበለጠ ሙቀት ወጣ፤ ይህም ፀሐይን እንደሚያነደው ያለ የአቶም አስኳሎች መዋሐድ ነው አሉ። ፀሐይ በጠርሙስ! እንጨት ተሸክማ የቁስቋምን ዳገት ለምትወጣ እናት ከዚህ የበለጠ የምሥራች ከየት ይመጣል?

ችግሩ ከሒሳቡ መጣ። የከባድ ሃይድሮጅን አስኳሎች ሲዋሐዱ ኒውትሮን እንደሚረጩ የታወቀ ነው። አንድ ዋት ሙቀት እንኳ በዚህ መንገድ ቢገኝ በየሰከንዱ ወደ አንድ ሚሊዮን ሚሊዮን የሚጠጋ ኒውትሮን ይወጣ ነበር፤ በአጠገቡም የሚቆም ሰው በጤና ባልኖረ። ሁለቱ ሊቃውንት ግን ደኅና ነበሩ። በካልቴክና በሌሎች ቤተ ሙከራዎች ቢሞከር ሙቀቱ ጠፋ፤ አየን ያሉም አልታጡ። በዚያው ዓመት በኅዳር የአሜሪካ የኃይል ሚኒስቴር መርማሪዎች ማስረጃው አያሳምንም ብለው ጻፉ።

ከዚህ ወዲያ ቲዎሪ እንደ ክረምት ሣር በቀለ። የኖቤል ተሸላሚው ጁሊያን ሽዊንገር ጉልበቱ በኒውትሮን ፈንታ ለብረቱ አቶሞች ድርድር ይከፋፈላል አለ፤ ጽሑፎቹ አልታተም ቢሉት ከአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር ወጣ። በ2006 ዊዶምና ላርሰን ደግሞ ነገሩ መዋሐድ አይደለም፤ በብረቱ ገጽ ላይ ኤሌክትሮንና ፕሮቶን ተጋጥመው ዝግተኛ ኒውትሮን ይወልዳሉ አሉ። ለዚህ ግን ወደ 780 ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት ትርፍ ጉልበት ያስፈልጋል፤ የኬሚስትሪ ጉልበት ግን የጥቂት ኤሌክትሮን ቮልት ነው። የቀረውን ከየት እንዳመጡት ሳነብ «ላም አለኝ በሰማይ» የሚለው ተረት ትዝ ይለኛል። ሙከራው ሲሳካ ቲዎሪው ያስረዳዋል፤ ሳይሳካ ሲቀር ብረቱ አልተስማማም ይባላል። እንዲህ ያለው ቲዎሪ ከቶ የማይሸነፍ ስለ ሆነ ነው የማልወደው።

ብሩስን ያዳነው የተሳቀበት መሆኑ አይደለም፤ ኋላ የመጡ መንገደኞች ያንኑ ማየታቸው ነው። ደግሞም ግሽ ዓባይን በእውነት አይቷል፤ የመጀመሪያው አውሮፓዊ ነኝ ማለቱ ግን ስሕተት ነበር፤ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ደርሶበታልና (የአገሩ ሰው ከሁሉም በፊት እዚያው እንደ ነበረ መቼም አይጠፋንም)። በጠርሙሱም አንዳች ሙቀት ታይቶ ይሆናል፤ ስሙን «መዋሐድ» ለማለት ግን ሌላ ምስክር ያስፈልጋል። ነገ በቢሮ ወንበር የምትቀመጥ ወጣት ሆይ፥ ያለ ነዳጅ የሚያሞቅ መሣሪያ አለኝ የሚል ሰው ቢመጣብህ፥ ቲዎሪውን ከመስማትህ በፊት የገባውንና የወጣውን ኃይል በሌላ ሰው መለኪያ አስለካው።

የሚሳለቁትም ቢሆኑ አይቸኩሉ። በ2019 በጉግል ገንዘብ የሠሩ ተመራማሪዎች ኔቸር በተባለው መጽሔት ቀዝቃዛ መዋሐድን አላገኘንም ብለው ነበር። በ2025 ግን በዚያው መጽሔት የካናዳው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ፓላዲየምን በአንድ ወገን በከባድ ሃይድሮጅን ጨረር እየመቱ፥ በሌላው ወገን በኤሌክትሪክ ከከባድ ውኃ ቢሞሉት፥ መዋሐዱ በአማካይ በ15 በመቶ ጨመረ። ምስክራቸው ሙቀት ሳይሆን የተቆጠረ ኒውትሮን ነው። የወጣው ኃይል ከገባው እጅግ ያነሰ መሆኑንም ራሳቸው አልሸሸጉም።