ከቤት ያልወጡት ሁለቱ

የዛሬው ጨዋታዬ ከልጅ ልጄ ጋር ስላኳረፈን ቼዝ ነው።

ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ያስተማርኩትም እኔ ነኝ። በተሳሳተ ቁጥር «ስንቴ ልንገርህ?» እያልኩ ስጨቀጭቀው፣ አንድ እሑድ ወታደሮቹን ሰብስቦ ሳጥን ውስጥ ከተተና «አባባ፣ ከእንግዲህ ካንተ ጋር አልጫወትም» አለኝ። እናቱ ምንም አላለች፤ አስተያየቷ ግን በቂ ነበር።

በማግስቱ «ና፣ እኛ አንጫወትም፤ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ሲሳሳቱ ላሳይህ» አልኩት። መጣ።

ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1858 ፓሪስ ውስጥ ኦፔራ ቤት የተደረገ ነው። በአንድ ወገን የ21 ዓመቱ አሜሪካዊ ፖል ሞርፊ፤ በሌላው ወገን እየተመካከሩ የሚጫወቱ የብራውንሽቫይግ መስፍንና አንድ ፈረንሳዊ ባላባት።

እነመስፍኑ በሦስተኛው ተራ የሞርፊን ፈረስ ለማሰር ጳጳሳቸውን አወጡ። ወዲያው ወታደር እንዳያጡ ሲሉ ጳጳሱን በፈረሱ ለመለወጥ ተገደዱ፤ የሞርፊ ንግሥትም በዚያው ሰበብ ሜዳ ወጣች። በስድስተኛው ፈረስ ሲያወጡ፣ ንግሥቲቱ በአንድ እርምጃ ሁለት ወታደሮችን እንደምታስፈራራ አላዩም። በዘጠነኛው ጳጳስ ለማባረር ወታደር ገፉ፤ ሞርፊ ፈረሱን በሁለት ወታደር ሰጥቶ ወደ ንጉሣቸው የሚወስደውን መንገድ ከፈተ። በ16ኛው ንግሥቱን ሠዋ፤ በ17ኛው በግንብ ቼክሜት አለ።

«ሁለት ሆነውም?» ብሎ ሳቀ ልጁ። ከዚያ ገበታውን አተኩሮ አየና «አባባ፣ ይሄ ግንብና ይሄ ጳጳስ እኮ ከቤታቸው አልወጡም!» አለ።

እውነቱን ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዴም አልተንቀሳቀሱም። እኔ ጨዋታውን ለዓመታት ሳውቀው፣ ዓይኔ የሚያርፈው በተሠዋችው ንግሥት ላይ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሲሸነፍ «ለምን እንዲህ አደረግህ?» ማለቱን ትቻለሁ። «ስንቶቹ ቤት ቀሩ?» እለዋለሁ፤ ራሱ ቆጥሮ ስህተቱን ያገኘዋል። ኩርፊያም የለ፣ እንባም የለ። ለቼዝ ብቻ ሳይሆን ለቤት ሥራም ይሆናል፤ ልጁ ራሱ ሊያየው የሚችለውን ነገር ጠይቁት፣ መልሱን ቀድማችሁ አትንገሩት።

ትናንት ታዲያ ተሸነፍኩ። ልጁ ፈገግ ብሎ «አባባ፣ ያንተስ ስንት ቤት ቀሩ?» አለኝ።

ቆጠርኩ። ሦስት።