ያለ ማተሚያ መኪና ቅጠል በቤት ውስጥ ማተም

ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በተለይም ከቤት ውጭ ለምትሠራ እናት፣ «ልጆቼ ምን ሲሠሩ ይውሉ ይሆን?» የሚለው አሳብ ቀላል አይደለም። ባለፈው ክረምት ወደ ጎጃም ስጓዝ የዓባይን በረሃ ወጥተን ደጀን አደርን። ያሳደረችን መምህርት ለዚሁ ችግር ያበጀችውን መላ አይቼ ተመለስኩ። ይኸውም በረጋ ጄላቲን ላይ ቀለም ቀብቶ ቅጠል ማተም ነው።

የተቀረጸ እንጨት ወይም ብረት በወረቀት ላይ በደንብ እንዲያርፍ ብዙውን ጊዜ ከባድ መጫኛ ያስፈልገዋል። ጄላቲን ግን ለስላሳ ስለሆነ ወረቀቱን በመዳፍ ማሸት ብቻ ይበቃዋል። ዱቄቱ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ሲሆን የኬክ ዕቃ በሚሸጥባቸው መደብሮች ይገኛል። ርካሽ ነው አልልም።

ለአንድ መካከለኛ ትሪ ግማሽ ሊትር ውኃና 5 የሾርባ ማንኪያ ጄላቲን ይበቃል። ከውኃው ጥቂቱን ቀዝቃዛውን ወስዶ ዱቄቱን እላዩ ላይ መነስነስና 10 ደቂቃ ያህል እስኪያብጥ መተው ነው። ከዚያ የቀረውን ውኃ አሙቆ መጨመርና አረፋ እንዳያወጣ ቀስ ብሎ ማማሰል። ሙቅ ውኃውን የምትይዘው እናት ትሁን እንጂ ልጅ አይደለም። ጄላቲኑን እሳት ላይ ማፍላትም አይገባም፤ እኔ ቤቴ ገብቼ ስሞክር አንተክትኬው ሳይረጋ ቀርቶብኛል። ደጀን ደጋ በመሆኑ ማቀዝቀዣ አላስፈለገም፤ ትሪው በተስተካከለ ጠረጴዛ ላይ አድሮ ጠዋት ረግቶ አገኘነው። ታች በረሃው ውስጥ ቢሆን ኖሮ በቀን ሙቀት በፈታ ነበር።

በረጋው ላይ በውኃ የሚበጠበጥ ወፈር ያለ ቀለም በትንሽ ሩሎ ወይም በስፖንጅ ስስ አድርጎ መቀባት ነው። ቅጠሉን ጅማቱ በጎላበት በጀርባው በኩል ማስተኛት፣ ወረቀት ማልበስ፣ በመዳፍ አሽቶ ማንሳት። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ የሚወጣው የቅጠሉ ነጭ ጥላ ብቻ ስለሆነ ብዙ ጀማሪ ቅር ይለዋል። ትሪውን ለማጠብ ግን አትቸኩሉ። ቅጠሉን ቀስ ብላችሁ አንሡና ቀለሙ ሳይደርቅ ሁለተኛ ወረቀት አልብሱት። እያንዳንዱ ጅማት የሚታየው ያኔ ነው።

ሰሌዳው ሲቆራረጥ ከፈላ ውኃ በላይ በተቀመጠ ዕቃ አቅልጦ እንደገና ማፍሰስ ይቻላል። በጥቂት ቀን ውስጥ ይሻግታል፤ ከውኃው ከፊሉን በግሊሰሪን የተካች ግን ብዙ ጊዜ ትጠቀምበታለች። ትሪው ከዚያ ወዲያ ለምግብ አይሁን። ልጆች ቅጠል ሲለቅሙ ከሳማ፣ ከአስተናግርና ወተቱ ዓይን ከሚጎዳው ቁልቋል ይራቁ።

የመምህርቷ እናት ዓይናቸው ደክሟል። የጓሮውን ቅጠል ሁሉ በስሙ የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ናቸው። የልጅ ልጃቸው የ10 ዓመቷ ልጅ ያተመችውን እየዘረጋች ከሥሩ ስሙን ትጽፋለች። አንዱን ወረቀት ይዛ «እምዬ፣ ይኼ ዳማከሴ ነው አይደል?» አለቻቸው። እሳቸውም ወረቀቱን አስጠግተው አዩና፣ «ልጄ፣ ይኼማ ምኑ ይለያል? ቅጠሉን አምጪልኝ» አሏት። ቀለም የነካውን ቅጠል በጣታቸው አሽተው አሸተቱት። «በሶብላ ነው» አሉ።

ልጅቱ ጽሑፏን ሰረዘችው። ከዚያ በኋላ ቅጠል ከመታተሙ በፊት መጀመሪያ ለአያቷ ይቀርባል፤ ከስሙ አጠገብም እሳቸው ሽታውን እንዴት እንደሚገልጹት ይጻፋል። ስንለያይ 14 ወረቀት ደርሶ ነበር።