ቁልቁለት በዱቤ ነው

ጭቃው ደርቆ፣ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ በሆነበት በዚህ ሰሞን ብዙዎቻችሁ ኅዳር ላይ ለሚካሄደው ታላቁ ሩጫ ልምምድ ጀምራችኋል። አንዳንዶቻችሁ አስፋልት ላይ፣ አንዳንዶቻችሁ እንጦጦ ጫካ ውስጥ ትሮጣላችሁ። መልካም ነው። በዚህ ወር ግን ከተለመደው መንገድ ወጣ ብለን የወንዝ ሸለቆና የድንጋይ ግንብ ወዳለበት እንሂድ። አባቶች ለመኖሪያ የመረጡት ከፍታ ብዙ ጊዜ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ጠላት እንዳይደርስ የተመረጠ ቦታ ደግሞ ለሯጭም ቀላል አይሆንም። ስለዚህ መንገዱን ከመንገራችን በፊት ስለ ሸለቆ ጠባይ እናውራ።

ተገልብጦ የተሠራ ተራራ

ተራራ የሚወጣ ሰው ድካሙን አስቀድሞ ይከፍላል፤ ሲመለስ ቁልቁለቱ ይሸኘዋል። ሸለቆ የሚወርድ ሰው ግን በዱቤ ነው የሚሮጠው። ሲነሳ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ እግሩ ቀላል ነው፣ መሬቱ ራሱ ይገፋዋል። ሂሳቡ የሚመጣው ታች ከደረሰ በኋላ ነው።

ዓባይ ሸለቆን አስቡት። ከጎሃ ጽዮን አፋፍ እስከ ወንዙ ድረስ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። በየ1,000 ሜትሩ ዝቅታ ሙቀቱ በአማካይ ከ6 ዲግሪ በላይ ይጨምራል። ጠዋት ሹራብ ለብሶ ከደጋ የተነሳ ሰው ረፋድ ላይ ቆላ ይገባል፤ ዳገቱን የሚጀምረው ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ነው። (የዓባይን ነገር ለምሳሌ ያህል አነሳነው እንጂ የመኪና መንገዱ ላይ ሩጡ አላልንም። ጠመዝማዛውን የሚወርደው ከባድ መኪና ለሯጭ ቦታ የለውም።)

ስለዚህ በሸለቆ ውስጥ ኪሎ ሜትር አትቁጠሩ፤ ሰዓት ቁጠሩ። በእጃችሁ ሦስት ሰዓት ካለ አንዱን ሰዓት ለመውረጃ፣ ሁለቱን ለመውጫ አድርጉት። አንዱ ሰዓት ሲሞላ ወንዙ ሃምሳ ሜትር ቢቀርም ተመለሱ። ውሃችሁንም እንዲሁ፤ ታች ስትደርሱ ከግማሽ በላይ መቅረት አለበት።

ሌላው የጭን ጉዳይ ነው። ዳገት ስትወጡ የጭን ጡንቻ እያጠረ ይሠራል። ቁልቁል ስትሮጡ ግን ሰውነታችሁን ለመያዝ እየተለጠጠ ነው የሚሠራው። ይህ ዓይነቱ ሥራ ጡንቻውን ይበልጥ ይጎዳዋል፤ ሕመሙ የሚብሰውም በዕለቱ ሳይሆን በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ነው። እሑድ ሲመለስ «ምንም አልሆንኩም» ያለ ሰው ማክሰኞ የቢሮውን ደረጃ ግድግዳ ይዞ የሚወርደው ለዚህ ነው። ደስ የሚለው፣ ጡንቻ ቶሎ ይማራል። ከጉዞው አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ባላችሁበት ሰፈር መጠነኛ ቁልቁለት ላይ አንድ ቀን ተለማመዱ፤ የሚቀጥለው ሕመም በእጅጉ ይቀንሳል። ስትወርዱ እርምጃችሁን አሳጥሩ፣ ጉልበታችሁን ትንሽ እጠፉ፣ ወደ ኋላ አትለጠጡ።

ደረቅ የወንዝ አሸዋ ላይ መሮጥ ሲያምራችሁ ደግሞ ሰማዩን እዩ። እናንተ ካላችሁበት ዝናብ ባይኖርም ራስጌው ላይ ከዘነበ ደራሽ ውሃ ይመጣል። ደራሽ ሯጭ አይቀድመውም። ተራሮቹ ላይ ደመና ከጠቆረ ከወንዙ ወለል ወጥታችሁ ከፍ ያለውን መንገድ ያዙ።

ለጀማሪ፦ የደብረ ሊባኖስ አፋፍ

ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ የምታገኙት ይህ ገደል ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም መውረድ ግዴታ አይደለም። አፋፉን ይዞ መሮጥ ብቻውን ይበቃል። እዚያው ያለው አሮጌ የድንጋይ ድልድይ «የፖርቱጋል ድልድይ» ይባላል፤ ነገር ግን ያሠሩት የዳግማዊ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ መሆናቸው ይነገራል። ከድልድዩ አለፍ ሲሉ ውሃው ወደ ገደሉ ይወረወራል።

እዚህ ሕጉ አንድ ነው፦ ማየት ሲያምራችሁ ቁሙ፣ ስትሮጡ እግራችሁን እዩ። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያደርግ ሰው አፋፍ ላይ መሮጥ የለበትም። ልጆች ካሉ ከአፋፉ ራቅ ያለውን መስመር ይያዙ፤ በገደሉ በኩል ሁልጊዜ ትልቅ ሰው ይሁን። ሣር ሲግጡ የምታገኟቸውን ጭላዳዎች አታባርሯቸው፣ ምግብም አትስጧቸው። ሙዝ የለመደ ዝንጀሮ ነገ የሌላ ሰው ልጅ እጅ ላይ ያለውን ይቀማል። ገዳሙ አጠገብ ስትደርሱ ደግሞ ሩጫው ያበቃል። በ1929 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር የጨፈጨፈው የዚህን ገዳም መነኮሳትና ምእመናን ነው፤ ቦታውን በእርጋታ ተራመዱበት።

ለቤተሰብ፦ ጀጎልን መዞር

ሐረር ጥልቅ ሸለቆዎች በከበቡት አምባ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ኢሚር ኑር እንዳሠሩት የሚነገርለት የጀጎል ግንብ ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ የጥንት በሮቹ አምስት ናቸው። ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው።

ይህ ልክ ለቤተሰብ የተሠራ ይመስላል። ጠንካራው ሁለት ዙር ይሮጣል፣ እናት አንድ ዙር፣ ልጆች ከአንዱ በር እስከ ቀጣዩ በር። በሮቹን ለልጆች የመቁጠሪያ ጨዋታ አድርጉላቸው፤ አምስተኛው ሲደርስ ድካሙን ረስተውታል። አያት ካሉም በር ላይ ተቀምጠው ተራ ይቆጣጠራሉ። የምትነሱት ጎህ ሲቀድ ይሁን፤ ረፋድ ላይ በሮቹ አካባቢ ገበያው ይደምቃል፣ መንገዱም የነጋዴው ይሆናል። ወደ ውስጥ ስትገቡ በጠባቦቹ መተላለፊያዎች አትሩጡ። እዚያ የምታገኙት የሰው ደጃፍ ነው፤ ሰላም እያላችሁ በእግር እለፉ።

ለጠገበ ሯጭ፦ ኮንሶ

ከሦስቱ መንገዶች ልቤ የሚያደላው ወደዚህ ነው፤ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ።

ከአርባ ምንጭ በስተደቡብ፣ ካራት ከተማ ዙሪያ፣ የኮንሶ ሕዝብ መንደሮቹን በኮረብታ አናት ላይ መሥርቶ ያለ ሲሚንቶና ያለ ጭቃ በተካበ ድንጋይ አጥሯቸዋል። አንዳንዱን መንደር የሚከበው የግንብ ዙር እስከ ስድስት ይደርሳል። ከግንቡ በታች እስከ ሸለቆው ድረስ የሚወርደው የእርከን እርሻ ነው፤ የአንዳንዱ እርከን ከፍታ እስከ አምስት ሜትር ይሆናል። ይህ ሥራ ከ21 ትውልድ በላይ፣ ከ400 ዓመት በላይ ሲካሄድ የኖረ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 መዝግቦታል።

የምትሮጡበት መንገድ ገበሬው ወደ እርሻው፣ እናቶች ወደ ገበያ የሚሄዱበት ነው። ከካራት ብዙም ከማትርቀው ከዶካቱ ጀምሩ፤ እግራችሁ ሲለምድ ወደ ጋሞሌ፣ ከዚያም ራቅ ወዳለው ጌሰርጊዮ። ሰኞና ሐሙስ ካራት ገበያ ነው። በእነዚህ ቀናት ጀርባዋ ላይ እንጨት ወይም ማሽላ የተሸከመች ሴት ስታገኙ ከመንገዱ ዳር ሆናችሁ አሳልፏት። ዳገቱን ከእናንተ ይልቅ እሷ ናት የምትወጣው።

ከዚያ ደግሞ ዋናው ነገር፦ የእርከን ጠርዝ ላይ አትርገጡ። ለዓይን ደረጃ ይመስላል፣ ለአቋራጭም ያመቻል። ነገር ግን አንድ ድንጋይ ከቦታው ከተንሸራተተ ቀጥሎ የሚዘንበው ዝናብ በዚያች ቀዳዳ አፈሩን ይዞ ይወርዳል፤ ከስሩ ያለውን እርከንም ይጎዳል። እናንተ የቆጠባችሁት ግማሽ ደቂቃ ለአንድ ቤተሰብ የቀናት ሥራ ነው። አፈር ያልተያዘበት ቦታ ምን እንደሚሆን ጌሰርጊዮ ስትደርሱ ታያላችሁ። ጎብኚዎች «ኒውዮርክ» የሚሉት፣ ውሃ የሸረሸረው፣ እንደ ፎቅ ቀጥ ቀጥ ብሎ የቆመ ቀይ አፈር ነው። የአካባቢው ሰው ግን ሌላ ታሪክ አለው፤ የባላባቱ ነጋሪት ተሰርቆ እዚያ በተቀበረ ጊዜ ፈጣሪ በጣቱ ቆፍሮ አወጣው ይባላል።

የግንቡ በር ላይ ስትደርሱ ሩጫችሁን አቁሙ። ውስጥ ሞራ የሚባሉ አደባባዮች አሉ፤ በአንዳንድ መንደር እስከ 17 ይደርሳሉ። ሽማግሌዎች የሚዳኙት፣ ሕፃናት የሚጫወቱት እዚያ ነው። በሞራው ባለው የጋራ ቤት ወጣቶች ያድራሉ፤ እሳት ቢነሳ ወይም አደጋ ቢመጣ ፈጥነው እንዲደርሱ ነው። ሩጫ በኮንሶ መንደር ውስጥ ትርጉም አለው ማለት ነው። ባልታወቀ ሰዓት እየሮጠ የሚገባ ሰው ሌላ መልእክት እንዳያስተላልፍ ይጠንቀቅ።

የትውልድ ርክክብን የሚያመለክቱ የቆሙ ድንጋዮችና ግንዶች ታያላችሁ፤ አትደገፏቸው፣ አትውጡባቸው። ለጀግኖችና ለታላላቅ ሰዎች መታሰቢያ የሚቀረጸው ዋካ የሚባለው የእንጨት ሐውልት ለዓመታት እየተሰረቀ ሲሸጥ ኖሯል። ከስርቆት የተረፉትን ካራት በሚገኘው ሙዚየም ማየት ትችላላችሁ። መንገድ ላይ «አሮጌ ነው» ብሎ የሚያቀርብላችሁ ሰው ቢኖር አትግዙ። ገዢ ካልኖረ ሌባም አይኖርም።

ሕፃናት አብረዋችሁ ይሮጣሉ፤ ብዙ ጊዜም ይቀድሟችኋል። ከረሜላ አትበትኑላቸው። ስማቸውን ጠይቋቸው፣ ስማችሁን ንገሯቸው፣ አብራችሁ ሩጡ። ገንዘብ መስጠት የምትፈልጉ ከሆነ መንገዱ የታወቀ ነው፦ ካራት ላይ ተመዝገቡ፣ የአካባቢውን አስጎብኚ ያዙ፣ የመንደሩን መግቢያ ክፈሉ። ሲደክማችሁ ከማሽላና ከሽፈራው ቅጠል የሚሠራውን ኩርኩፋ ብሉ።

ከመነሳታችሁ በፊት

የመንገዱንና የአካባቢውን ጸጥታ በዚያው ሳምንት ከሚያውቅ ሰው ጠይቁ፤ ባለፈው ዓመት ሰላም ነበር ማለት ዛሬም ነው ማለት አይደለም። መልሱ ካላማረ ጉዞውን አራዝሙት። ግንቡ የትም አይሄድም።

ለቆላ ስትነሱ ወባን አትርሱ። አጎበር ያዙ፣ ሲመሽ እጅጌ ያለው ልብስ ልበሱ፣ ስለ መከላከያ መድኃኒት ሐኪም አማክሩ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከያዛችሁ ቶሎ ተመርመሩ፤ የት እንደነበራችሁም ለሐኪሙ ተናገሩ።

በመጨረሻም በቡድን ስትሮጡ ፍጥነቱን የሚወስነው የመጨረሻው ሰው ነው። አባት ቀድሞ ወንዝ ወርዶ ከታች እየተጣራ፣ ልጅ ደግሞ እሱን ለመድረስ ጉልበቷን ጨርሳ ስትወርድ አይተናል። ዳገቱን የሚያወጣት ማን ነው? ደካማው ከፊት ይሂድ፣ ጠንካራው ከኋላ ሆኖ ውሃውን ይሸከም። ዱቤው የቤተሰቡ ነውና አብራችሁ ክፈሉት።

መልካም ሩጫ! በሚቀጥለው ወር እንገናኝ።