ባሕሩ የሁሉም ነው፤ በጉ ግን ባለቤት አለው

«ገበሬው ከውሻው ጋር ባሕር ዳርቻ ሊዝናና ሄደ» ሲባል ለብዙዎቻችን ቀልድ ይመስላል፡፡ ገበሬ ይዝናናል እንዴ? ያውም ከውሻ ጋር?

ስኮትላንድ ውስጥ ግን ነገሩ ቀልድ አይደለም፡፡ በሰሜንና በምዕራብ ዳርቻዋ፣ በደሴቶቿም ላይ «ክሮፍተር» የሚባሉ ባለ አነስተኛ ማሳ ገበሬዎች አሉ፡፡ አንድ ክሮፍት በአማካይ 5 ሄክታር ገደማ ነው፤ ብዛቱም ከ20 ሺህ በላይ ነው፡፡ በዚያች ቁራሽ መሬት ብቻ የሚተዳደር ጥቂት ነው፡፡ አንዱ ፖስታ ያድላል፣ ሌላው የተማሪ አውቶቡስ ይነዳል፤ በጎቹን የሚያየው ከሥራ በፊትና በኋላ ነው፡፡ ጎረቤት «ሂድ፣ እኔ አያቸዋለሁ» ካላለ በቀር የዕረፍት ቀን የለም፡፡ ባሕሩ ደጃፉ ላይ ቢሆንም ማለቴ ነው፡፡

ለነገሩ ክሮፍተሩ ባሕር ዳር የሰፈረው ንፋሱ ተስማምቶት አይደለም፡፡ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው፡፡) ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ እስከ 19ኛው አጋማሽ ድረስ ባለርስቶች በየሸለቆው የነበረውን ሕዝብ እያስነሡ ቦታውን ለበግ እርባታ አደረጉት፡፡ ብዙው ውቅያኖስ ተሻግሮ ተሰደደ፡፡ ለቀረው ድንጋያማ ዳርቻ ላይ ጠባብ መሬት ተሰጠው፡፡ የጠበበውም ሆን ተብሎ ነው፤ እርሻው ካጠገበው የባሕር አረም እየለቀመ ማቃጠሉን ይተዋላ! አመዱ ለሳሙናና ለመስታወት መሥሪያ ይሸጥ ነበር፤ ዋናው ትርፍ የባለርስቱ፡፡ የናፖሊዮን ጦርነት በ1815 ካበቃ በኋላ ያ ገበያ ወደቀ፣ ሰው ግን እዚያው ቀረ፡፡ በ1882 ስካይ ደሴት ላይ ወንዱም ሴቱም ድንጋይ ይዞ ከፖሊስ ጋር ተጋጨ፡፡ በ1886 ደግሞ ክሮፍተሩ ከመሬቱ በዘፈቀደ እንዳይነቀል የሚከላከል ሕግ ወጣ፡፡ ለበግ ሲባል የተባረረ ሰው የልጅ ልጅ ልጁ ዛሬ በግ ያረባል፡፡

እንግዲህ በ2003 ሌላ ሕግ መጣ፡፡ ማንም ሰው በኃላፊነት እስከተንቀሳቀሰ ድረስ በአብዛኛው የስኮትላንድ መሬትና ባሕር ዳርቻ መዘዋወር ይችላል፤ የመሬቱ ባለቤት ሎርድ ይሁን ክሮፍተር ለውጥ የለውም፡፡ ቢሾፍቱ ላይ ሐይቅ ለማየት ሆቴል ገብተን ማኪያቶ ማዘዝ ለለመድን ለእኛ ይሄ ተረት ነው፡፡ (እሱን ሌላ ቀን ደሜ ሲፈላ እመለስበታለሁ፡፡)

ጣጣው የሚመጣው ከውሻው ጋር ነው፡፡ ሚያዝያና ግንቦት በጎች የሚወልዱበት ወቅት ነው፡፡ ከከተማ የመጣው ጎብኚ መኪናውን ያቆምና ውሻውን ይፈታል፡፡ ውሻው ክፉ ስለሆነ አይደለም የሚያሳድደው፣ ጨዋታ መስሎት ነው፡፡ በግ ግን ሳትነከስም ትሞታለች፤ ያረገዘች ከሆነች በድንጋጤና በሩጫ ብቻ ትጨነግፋለች፡፡ ሺህ በግ ላለው ይሄ ኪሳራ ነው፣ ሠላሳ በግ ላለው ግን የዓመቱ ገቢ ነው፡፡ በ2021 የወጣው ሕግ ቅጣቱን እስከ 40 ሺህ ፓውንድ ወይም እስከ 12 ወር እስራት፣ ወይም ሁለቱንም አደረሰው፡፡ «ለውሻ ይሄ ሁሉ?» የሚል ሊኖር ይችላል፡፡ እኔ አልበዛም ባይ ነኝ፡፡ የሚቀጣው ውሻው ሳይሆን ገመዱን ኪሱ ከትቶ የሚሄደው ሰው ነው፡፡

አሁን ደግሞ እስቲ ክሮፍተሯን ራሷን አስቧት፡፡ ዓመቱን ሙሉ በሯ ላይ «ውሻ በገመድ ይያዝ» የሚል ማስታወቂያ ለጥፋለች፡፡ አንድ ቀን ጎረቤት ተገኘላትና ኮሊ ውሻዋን ይዛ ሌላ ደሴት፣ ሌላ ዳርቻ ሄደች፡፡ ዛሬ ጎብኚዋ እሷ ናት! የእሷ ውሻ ደግሞ ሠራተኛ ነው፤ በፉጨት ይቆማል፣ በፉጨት ይተኛል፡፡ «የእኔ እንደ ከተሜዎቹ አይደለም» ማለት ያምራታል፡፡

አላምናትም፡፡ የኮሊ የመንጋ ጥበብ ምንጩ የአደን ደመ ነፍስ ነው፤ ገድሎ ከመብላት በፊት እንዲቆም ተደርጎ የተገራ አደን፡፡ የሰው በግ ሲያይ ማን ቀጥሮኛል ብሎ አይጠይቅም፡፡ በዚያ ላይ በምዕራቡ ደሴቶች ከአሸዋው ጀርባ «ማኸር» የሚሉት፣ የዛጎል ብናኝ ላይ የበቀለ ለምለም ሜዳ አለ፡፡ ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ወፎች እዚያ መሬት ላይ እንቁላል ይጥላሉ፡፡ በጎ ዓላማ ያለው ውሻም እንቁላል ይረግጣል፡፡ በሕጉም ቢሆን ውሻው በአግባቡ ካልተያዘ የመዘዋወር መብቱ ራሱ ቀሪ ነው፡፡

ታዲያ ያ ምስኪን ዓመት ሙሉ ሲሠራ ከርሞ አንድ ቀን እንኳ አይሩጥ? ይሩጥ እንጂ! ማዕበሉ ሲሸሽ እርጥቡ አሸዋ ሜዳ ያህል ይሰፋል፤ በግም ጎጆም የለበትም፡፡ እስከዚያ ድረስ በገመድ፣ ከዚያ በኋላ እንደ ልቡ፡፡

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው፡፡ 40 ሺህ ፓውንዱ የሚሠራው ጥፋተኛው ሲገኝ ነው፡፡ ውሻውን መኪናው ውስጥ ከትቶ ወደ ከተማ የተፈተለከውን ማን ያገኘዋል? ክሮፍተሯ ማታ ስትመለስ አጥር ሥር የወደቀች በግ ብታገኝ፣ የሰሌዳ ቁጥር የመዘገበላት ሰው ከሌለ በእጇ ያለው ሬሳው ብቻ ነው፡፡